የተቀዳ የቪዲዮ ዲስክ ሳይደናቀፍ እንደሚጫወት እንዴት እናረጋግጣለን?

አንድ የቪዲዮ ዲስክ በኮምፒውተር ተቀድቶ ሲያልቅ ሶፍትዌሩ «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል መልእክት ያሳያል፤ ብዙ ሰውም ሥራው እዚህ ላይ እንዳበቃ ይቆጥራል። ይሁን እንጂ መልእክቱ የሚናገረው ድራይቩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ መጻፉን እንጂ የጻፈው ነገር በሌላ ማጫወቻ መነበብ መቻሉን አይደለም። ያው ዲስክ ከቴሌቪዥን ጋር የተያያዘ ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ ጨርሶ ላይታወቅ ይችላል፤ ወይም ለአንድ ሰዓት ያህል ያለ እንከን ተጫውቶ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ምስሉ ካሬ ካሬ እየሆነ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ይዘላል፣ በመጨረሻም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዲስኩ ለደንበኛ ወይም ለዘመድ ተሰጥቶ ካለቀ በኋላ ይህን ማወቅ ብዙም አይጠቅምም።

የተቀዳ ዲስክ ፈጽሞ ስህተት የሌለበት አይሆንም። አዲስ፣ ጭረት ያልነካው፣ በጥሩ ድራይቭ የተጻፈ ዲስክ እንኳ ሲነበብ በርካታ ጥቃቅን የንባብ ስህተቶች ይፈጠራሉ፤ ማጫወቻው በዲስኩ ላይ አብሮ በተጻፈ የማረሚያ መረጃ እየታገዘ ስለሚያርማቸው ተመልካቹ አንዱንም አያይም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ዲስኩ ይነበባል ወይስ አይነበብም የሚለው ሳይሆን፣ የማረም አቅሙ እስኪያልቅ ድረስ ምን ያህል ትርፍ ቀርቶታል የሚለው ነው። ትርፉ ሰፊ የሆነ ዲስክ ሌንሱ በደከመ አሮጌ ማጫወቻም፣ ትንሽ ጭረት ካገኘው በኋላም፣ ዓመታት ከቆየ በኋላም የመጫወት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ትርፉ የተሟጠጠ ዲስክ ግን ዛሬ በአንድ ድራይቭ ስለተነበበ ብቻ ነገ ወይም በሌላ ድራይቭ ይነበባል ማለት አይቻልም። እያንዳንዱ የፍተሻ ዓይነት መመዘን ያለበትም ይህን ትርፍ ምን ያህል ያሳያል በሚለው ነው።

በዲስኩ ላይ የተጻፈው ምን ይመስላል?

በፋብሪካ ታትሞ የሚወጣ የፊልም ዲቪዲ መረጃውን የሚይዘው በፕላስቲኩ ላይ በተቀረጹ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነው። ባዶውን የሚሸጠውና አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲቪዲ ግን በምትኩ በሌዘር ሙቀት የሚለወጥ ስስ የኦርጋኒክ ቀለም ንጣፍ አለው። ድራይቩ ሲጽፍ ኃይለኛ የሌዘር ምት ቀለሙን ከቦታ ቦታ ይለውጠዋል፤ ሲነበብ የተለወጠው ቦታ ከሌላው ያነሰ ብርሃን ይመልሳል። የዲቪዲ ሌዘር 650 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ብርሃን ነው። መረጃው የሚጻፍበት መስመር ከመሃል ወደ ጠርዝ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ሲሆን፣ አንዱ ዙር ከሌላው የሚርቀው 0.74 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ትንሿ ምልክት ደግሞ 0.4 ማይክሮሜትር ያህል ትረዝማለች። መስመሩ ቢዘረጋ ባለ አንድ ንጣፍ ዲስክ ላይ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚህ ሁሉ ርዝመት ላይ የእያንዳንዱ ምልክት መነሻና መድረሻ ትክክለኛ ቦታው ላይ እንዲያርፍ የሌዘሩ ኃይልና የምቱ ቆይታ ከቀለሙ ባሕርይ ጋር መጣጣም አለበት።

ድራይቩ ይህን የሚያደርገው እንዲሁ በደፈናው አይደለም። በእያንዳንዱ ባዶ ዲስክ ላይ አምራቹንና የዲስኩን ዓይነት የሚገልጽ መለያ ኮድ አስቀድሞ ሰፍሯል። ድራይቩ ኮዱን አንብቦ በፈርምዌሩ (ድራይቩን በሚመራው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ውስጥ ካሉት የአጻጻፍ ስልቶች ለዚያ ዲስክ የሚስማማውን ይመርጣል፤ ከዚያም በመሃል በኩል ለዚሁ ተብሎ በተተወ ጠባብ ቦታ ላይ ጥቂት ጽፎና መልሶ አንብቦ የሌዘሩን ኃይል ያስተካክላል። ኮዱን የማያውቀው ከሆነ ለማንኛውም ዲስክ በሚያገለግል ጥቅል ስልት ይጽፋል፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። አንድ ዓይነት ዲስክ በአንዱ ድራይቭ ግሩም ሆኖ፣ በሌላው ደግሞ ለመጣል የሚያበቃ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የድራይቩን ፈርምዌር ማደስ የቅጂውን ጥራት በግልጽ የሚያሻሽልበት ጊዜ አለ፤ አዲሱ ፈርምዌር ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ላልታወቁ ዲስኮች የተዘጋጀ ስልት ነውና። በማሸጊያው ላይ ያለው የንግድ ስም ግን የዲስኩን እውነተኛ ሠሪ ሁልጊዜ አይናገርም። አንድ ሻጭ ከተለያዩ ፋብሪካዎች ገዝቶ በራሱ ስም ሊያሽግ ይችላል። ኮዱን ማየት የሚፈልግ ሰው ባዶውን ዲስክ አስገብቶ እንደ ኢምግበርን ያለ ነጻ ሶፍትዌር ቢከፍት ያገኘዋል።

ስህተት የሚታረመው እንዴት ነው?

ይህን ክፍል ሳይረዱ የፍተሻ ቁጥሮችን ማንበብ ስለማይቻል ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። የዲቪዲ መረጃ የሚጻፈው 16 ሴክተሮችን (ትንንሽ የመረጃ ክፍሎችን) ባቀፈ ጥቅል ነው፤ እያንዳንዱ ሴክተር 2048 ባይት ስለሚይዝ አንድ ጥቅል 32 ኪሎባይት የተጠቃሚ መረጃ ይኖረዋል። ጥቅሉ 208 ረድፎችና 182 ዓምዶች ባሉት ሰንጠረዥ መልክ ይደራጃል። በእያንዳንዱ ረድፍ ጫፍ 10፣ በእያንዳንዱ ዓምድ ግርጌ ደግሞ 16 የማረሚያ ባይቶች አሉ። ማጫወቻው መጀመሪያ ረድፎቹን አንድ በአንድ ያያል፤ በአንድ ረድፍ ውስጥ እስከ 5 ባይት ቢበላሽ በረድፉ ማረሚያ ብቻ አስተካክሎ ያልፋል። ከ5 በላይ ከተበላሸ ረድፉ እንዳልታረመ ምልክት ተደርጎበት ለዓምዶቹ ማረሚያ ይተላለፋል። የዓምዶቹም ማረሚያ ካልበቃ ጥቅሉ ውስጥ ያለው ቪዲዮ ይበላሻል። ቪዲዮው የተጨመቀ ስለሆነና አንዱ ፍሬም ከቀደሙት ፍሬሞች ላይ ተመሥርቶ ስለሚገነባ፣ የአንድ ጥቅል መጥፋት በስክሪኑ ላይ ለቅጽበት ብቻ ታይቶ አያልፍም፤ ቀጣዩ ሙሉ ፍሬም እስኪመጣ ድረስ ምስሉን ሲያበላሽ ይቆያል።

ከዚህ አሠራር ሦስት መለኪያዎች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ፒአይ ስህተት የሚባለው ሲሆን፣ ቢያንስ አንድ ባይት የተበላሸባቸውን ረድፎች ይቆጥራል። በዲቪዲ መስፈርት መሠረት በተከታታይ 8 ጥቅሎች ውስጥ፣ ማለትም በ1664 ረድፎች ውስጥ፣ ይህ ቁጥር ከ280 መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው ፒአይ ውድቀት ሲሆን፣ በረድፉ ማረሚያ ሊስተካከሉ ያልቻሉትን ረድፎች ብቻ ይቆጥራል፤ ፈታሾች በአንድ ጥቅል ውስጥ ከ4 እንዳይበልጥ ይጠብቃሉ። ሦስተኛው ፒኦ ውድቀት ነው፤ ይህ ሁለቱም ማረሚያዎች እንዳልቻሉ የሚያመለክት በመሆኑ ከዜሮ በላይ ሆኖ ከተገኘ ዲስኩ ያለ ክርክር ውድቅ ነው። በእኔ እምነት ለቪዲዮ ዲስክ ከሁሉም በላይ መታየት ያለበት ሁለተኛው ነው። በመላው ዲስክ ላይ የተሰራጨ መጠነኛ የፒአይ ስህተት ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ በአንድ ቦታ የተከማቸ የፒአይ ውድቀት ግን ማጫወቻው የሚደናቀፍበትን ደቂቃ አስቀድሞ ይጠቁማል።

«ቬሪፋይ» የማያረጋግጠው

አብዛኞቹ የመቅጃ ሶፍትዌሮች ዲስኩ ተጽፎ ሲያልቅ መልሰው በማንበብ ከምንጩ ፋይል ጋር የሚያመሳክሩበት አማራጭ አላቸው፤ ብዙዎች ቬሪፋይ ይሉታል። ይህን አማራጭ መዝለል አይገባም። በጽሕፈት ወቅት ሳይታይ ያለፈን ትልቅ ብልሽት ያጋልጣል፣ እያንዳንዱ ባይት በትክክል መስፈሩንም ያረጋግጣል። ማመሳከሪያው ከመጀመሩ በፊት ዲስኩ ወጥቶ እንደገና ቢገባ ደግሞ የተሻለ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ድራይቩ ዲስኩን እንደ አዲስ ለይቶ ለማወቅ ስለሚገደድና በኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የቀረ ቅጂ የዲስኩን ቦታ ተክቶ ስለማይነበብ ነው። ኢምግበርን ይህን በራሱ ያደርጋል። ምንጩ በእጅ ከሌለና አስቀድሞ የኤስኤችኤ-256 ወይም የኤምዲ5 አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አጭር መለያ ቁጥር) ተሰልቶ ከተቀመጠ፣ የዲስኩን አሻራ አስልቶ ማነጻጸር ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ሆኖም ይህ ፍተሻ ሁለት ዓይነ ስውር ጎኖች አሉት። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚያነበው ያው የጻፈው ድራይቭ ነው፤ ድራይቩ በራሱ ዝንፈት የጻፈውን በዚያው ዝንፈት ሊያነበው ይችላል። ሁለተኛው የበለጠ አሳሳች ነው። የኮምፒውተር ድራይቭ አንድ ሴክተር ሲያስቸግረው ፍጥነቱን ቀንሶ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ከብዙ ሙከራ በኋላ አንዴ ከተሳካለት ሶፍትዌሩ ያን ሴክተር ልክ በመጀመሪያው ሙከራ እንደተነበበ አድርጎ ይቆጥረዋል። የቪዲዮ ማጫወቻ ግን ይህ ፋታ የለውም። ቀለሙ የደበዘዘ ብራና ይዞ ብቻውን የተቀመጠ ሰው እያንዳንዱን ፊደል እያጣራ ሊያነበው ይችላል፤ በጉባኤ ፊት ቆሞ እንዲያነበው ከታዘዘ ግን ያው ብራና ያደናቅፈዋል። በዲቪዲ ላይ የቪዲዮ፣ የድምፅና የጽሑፍ መረጃ በአንድነት በሰከንድ እስከ 10.08 ሜጋቢት ሊደርስ ይችላል፤ የዲቪዲ አንድ እጥፍ የንባብ ፍጥነት ደግሞ በሰከንድ 11.08 ሜጋቢት ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ማጫወቻ ያለው ትርፍ ጊዜ ከአንድ አሥረኛ ያነሰ በመሆኑ፣ አስቀድሞ አንብቦ በማቆያ ማኅደረ ትውስታው ውስጥ የያዘው ጥቂት መረጃ ሳያልቅ ተመልሶ ለማንበብ የሚያገኘው ዕድል ጠባብ ነው።

ቬሪፋይ የሚደብቀውን ይህን መንተፋተፍ የሚያወጣው ቀላል ፍተሻ የንባብ ፍጥነት መለኪያ ነው። እንደ ኔሮ ዲስክስፒድና ኦፕቲ ድራይቭ ኮንትሮል ያሉ ሶፍትዌሮች ዲስኩን ከመሃል እስከ ጠርዝ እያነበቡ ፍጥነቱን በመስመር ይስላሉ። ድራይቩ በአንድ ዓይነት የዙር ፍጥነት ሲያሽከረክር ጠርዝ ላይ በአንድ ዙር የሚነበበው መረጃ ስለሚበዛ፣ ጤናማ ዲስክ በ16 እጥፍ ድራይቭ ላይ ከ6 እጥፍ ተኩል ገደማ ተነስቶ ያለ አንዳች መንጠራወዝ እስከ 16 እጥፍ የሚወጣ ለስላሳ መስመር ይሰጣል። መስመሩ በድንገት የሚያሽቆለቁልበት ነጥብ ካለ ድራይቩ እዚያ ላይ ተቸግሯል ማለት ነው። ፍተሻው በማንኛውም ድራይቭ ይሠራል፣ የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው። ዲስኩን ከጻፈው ድራይቭ ውጭ በሌላ ድራይቭ ላይ መደረግ ይኖርበታል።

የስህተት ቅኝት

ትርፉን በቁጥር የሚያሳየው ግን የስህተት ቅኝት ነው። እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ድራይቩን የሚጠይቀው የተነበበውን መረጃ ሳይሆን፣ ለማንበብ ሲል ስንት ስህተት እንዳረመ ነው። ሁሉም ድራይቭ ይህን አይናገርም፤ ላይትኦን፣ ቤንኪውና ፕሌክስቶር ከሚባሉት መካከል የሚናገሩ ሞዴሎች በመኖራቸው በፈታሾች ዘንድ ተፈላጊ ሆነዋል። በዊንዶውስ ላይ ከላይ የተጠቀሱት ሁለቱ ሶፍትዌሮች፣ በሊኑክስ ላይ ደግሞ ኪውፒኤክስቱል ይህን ቅኝት ያደርጋሉ።

ሊገጥም የሚችል አንድ ግራፍ በቅርብ እንመልከት። አግድሙ መስመር የዲስኩን ቦታ በጊጋባይት ያሳያል፤ ዲስኩ ሙሉ ስለሆነ እስከ 4.38 ይደርሳል። ማሸጊያው ላይ 4.7 ተብሎ የተጻፈው በአሥርዮሽ አቆጣጠር ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ በሁለትዮሽ አቆጣጠር ስለሚያሰላ ነው 4.38 የሚለው፤ የጎደለ ነገር የለም። እስከ 3.5 ድረስ የፒአይ ስህተቱ ከ10 እስከ 20 ባለው መካከል ይወዛወዛል፣ የፒአይ ውድቀቱም ዜሮና አንድ ነው። ከ3.5 በኋላ የፒአይ ስህተቱ ቀስ እያለ መውጣት ይጀምራል፤ በ4.2 ላይ 200 ይደርሳል፣ የፒአይ ውድቀቱም 3 የሆኑ ጥቅሎች እየተበራከቱ ይመጣሉ። በመስፈርቱ ዓይን ይህ ዲስክ አልወደቀም። እኔ ግን ለሌላ ሰው አልሰጠውም። የፊልሙ ማብቂያ ያረፈው በትክክል በዚህ በተበላሸው ጠርዝ ላይ ነው፤ የጣት አሻራ ወይም ትንሽ ጭረት ቢጨመርበት የቀረችው ትርፍ ታልቃለች። ምክንያቱም ቢሆን የተለመደ ነው። የቀለሙ ንጣፍ ወጥነት የሚዛነፈው፣ የዲስኩ መጣመም የሚጎላውና የጽሕፈቱ ፍጥነት ከፍተኛ የሚሆነው ሁሉም በጠርዙ በኩል ነው። እንዲህ ያለ ዲስክ ሲገኝ መደረግ ያለበት ቀላል ነገር ቪዲዮውን ትንሽ የበለጠ ጨምቆ 4 ጊጋባይት ገደማ ላይ እንዲያበቃ ማድረግ፣ ወይም የጽሕፈቱን ፍጥነት ቀንሶ በሌላ ዲስክ መድገም ነው።

ግራፉ ሌላም ነገር ይናገራል። ዝቅ ብሎ የሚሄድ መስመር በድንገት በአንድ ቀጭን ቦታ ላይ ብቻ ከተተኮሰ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አቧራ፣ የጣት አሻራ ወይም ጭረት ነው፤ ተጠርጎ ቢቃኝ ሊጠፋ ይችላል። ከአንድ ነጥብ ጀምሮ ደረጃ እንደወጣ ከፍ ብሎ የሚቀጥል መስመር ደግሞ ድራይቩ በጽሕፈት መሃል ፍጥነቱን ወይም ስልቱን የቀየረበትን ቦታ ያሳያል።

ስለ ቁጥሮቹ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የቤት ድራይቭ የላቦራቶሪ መሣሪያ አይደለም፤ አንዱ ድራይቭ 30 ያለውን ሌላው 90 ሊለው ይችላል፤ ያው ድራይቭ ራሱ በ4 እጥፍና በ16 እጥፍ ሲቃኝ የተለያየ ውጤት ይሰጣል። ማነጻጸር የሚቻለው በአንድ ድራይቭ፣ በአንድ ፍጥነት የተገኙ ውጤቶችን ብቻ ነው። ስለዚህ ፈታሹ አንድ የታወቀ ጥሩ ዲስክ በመጀመሪያ ቃኝቶ ውጤቱን እንደ መነሻ ቢይዝ፣ የሌላ ሰው ግራፍ አይቶ ከመደንገጥ ይድናል።

ስህተቱ ከዲስኩ ላይሆን ይችላል

ብዙ ሰው «ዲስኩ መጥፎ ነው» የሚለው፣ የስህተት ቅኝቱ ንጹህ ሆኖ ሳለ የተጻፈው ይዘት ማጫወቻው የሚያውቀው ባለመሆኑ ነው። ለቴሌቪዥን ማጫወቻ የሚሆን ዲቪዲ ቪዲዮ ቲኤስ የሚባል ፎልደር ይዞ፣ በውስጡ አይኤፍኦ፣ ቢዩፒና ቪኦቢ የተባሉ ፋይሎች ሊኖሩት ይገባል፤ የኤምፒ4 ፋይል እንዲሁ በዲስኩ ላይ ቢገለበጥ አንዳንድ አዳዲስ ማጫወቻዎች ሲያጫውቱት አብዛኞቹ የቆዩት ግን አያውቁትም። የፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት ምስል 720 በ576 ነጥብና በሰከንድ 25 ፍሬም፣ የኤንቲኤስሲ ደግሞ 720 በ480 ነጥብና 29.97 ፍሬም ነው፤ በአንዱ ሥርዓት የተዘጋጀ ዲስክ ለሌላው ብቻ በተሠራ መሣሪያ ላይ ላይጫወት ይችላል። ዲስኩ ፋይናላይዝ ካልተደረገ፣ ማለትም መዝጊያው ካልተጻፈበት፣ የጻፈው ድራይቭ ሲያነበው ሌላው ባዶ ነው ሊለው ይችላል።

አይኤፍኦ የሜኑውንና የምዕራፎቹን አቀማመጥ የያዘ ፋይል ሲሆን ቢዩፒ የእርሱ ምትክ ቅጂ ነው። ሁለቱ በአንድ የ32 ኪሎባይት ጥቅል ውስጥ ከወደቁ አንድ ብልሽት ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል፤ ጥሩ ሶፍትዌር አራርቆ ያስቀምጣቸዋል። የቪዲዮው ፍሰትም ከፍተኛው ወሰን ድረስ ባይገፋ ይመረጣል። በተቀዳ ዲስክ ላይ በሰከንድ ከ8 ሜጋቢት እምብዛም ባይበልጥ አሮጌ ማጫወቻዎች ተጨማሪ ፋታ ያገኛሉ። በጣም አጭር ቪዲዮ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ አንዳንድ ማጫወቻዎች ጥቂት ብቻ የተጻፈበትን ዲስክ ለመለየት ስለሚቸገሩ፣ ቢያንስ 1 ጊጋባይት እስኪሞላ ባዶ መረጃ የሚጨምር አማራጭ በአንዳንድ ሶፍትዌሮች ውስጥ የተካተተው ለዚህ ነው።

የዲስኩ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። በፋብሪካ የታተመ ባለ አንድ ንጣፍ ዲቪዲ ከደረሰበት ብርሃን ከ45 እስከ 85 በመቶውን ይመልሳል፤ ተሰርዞ እንደገና የሚጻፈው ግን ከ18 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው። ይህ መጠን ከባለ ሁለት ንጣፍ የፋብሪካ ዲስክ ጋር ስለሚመሳሰል አሮጌ ማጫወቻ ግራ ሊጋባ ይችላል። ለሌላ ሰው የሚሰጥ ቪዲዮ በሚሰረዝ ዲስክ ላይ ባይቀዳ ይሻላል። በሌላ በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ከሚጻፍባቸው ሁለት የዲቪዲ ዓይነቶች አንዱ በሆነው በዲቪዲ ፕላስ አር ላይ፣ ድራይቩ የሚፈቅድ ከሆነ፣ የዓይነት ምልክቱ ተለውጦ ማጫወቻው እንደ ፋብሪካ ዲስክ እንዲቆጥረው ማድረግ ይቻላል፤ ማጫወቻው ዲስኩን ጨርሶ አላውቅም ሲል ይህ ብዙ ጊዜ መፍትሔ ይሆናል። ሌላው ዓይነት፣ ዲቪዲ ማይነስ አር፣ ይህ ዕድል የለውም፤ ሆኖም እርሱ ራሱ በብዙ የቆዩ ማጫወቻዎች ዘንድ ተቀባይነት አለው።

ባለ ሁለት ንጣፍ የሆነውና 8.5 ጊጋባይት የሚይዘው ዲስክ በተለይ ጥንቃቄ ይሻል። ሌዘሩ የመጀመሪያውን ንጣፍ ከመሃል ወደ ጠርዝ ጽፎ ሲጨርስ፣ ሁለተኛውን ከጠርዝ ወደ መሃል እየተመለሰ ይጽፋል። ስለዚህ በጣም ደካማው የዲስኩ ክፍል የሚያርፈው በፊልሙ ማብቂያ ሳይሆን በፊልሙ አጋማሽ ነው፤ ማጫወቻው ንጣፍ የሚቀይረውም እዚያው ላይ ነው። የመቀየሪያው ነጥብ በትዕይንት መሃል ከወደቀ ምስሉ ለአፍታ ሊገታ ይችላል፤ በዝግጅቱ ወቅት ጸጥ ያለ መሸጋገሪያ ላይ እንዲውል ማድረግ ይቻላል።

በማጫወቻ ላይ መሞከር

ከሶፍትዌር ፍተሻ በኋላም ቢሆን ዲስኩን በእውነተኛ ማጫወቻ ላይ ሳይሞክሩ ማሳለፍ አይገባም፤ የሜኑውን ቁልፎች፣ የድምፅ ምርጫውንና የምስሉን መጠን ተመልካቹ በሚያያቸው መልክ የሚፈትነው ይህ ነው። ለዚህ የሚመረጠው ማጫወቻ አዲሱና ጥሩው ሳይሆን ከተገኙት ሁሉ መራጩና አሮጌው ነው። ዲስኩ ከገባበት ጊዜ አንስቶ ሜኑው እስኪታይ የሚወስደውን ጊዜ ማስተዋል ይጠቅማል፤ ያለወትሮው መዘግየትና የሌንሱ ደጋግሞ መንኳኳት ማጫወቻው ዲስኩን ለመለየት እየታገለ መሆኑን ይናገራሉ። ሁሉንም ተቀምጦ ማየት ካልተቻለ የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች፣ በባለ ሁለት ንጣፍ ላይ ደግሞ አጋማሹን፣ በተጨማሪም ቅኝቱ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳየበትን ቦታ በመደበኛ ፍጥነት ማየት ያስፈልጋል። ወደፊት በፍጥነት ማሳለፍ ምስሎችን እየዘለለ ስለሚያነብ ለዚህ አይበቃም።

ብዙ ቅጂ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉንም መቃኘት ላይችል ይችላል። የመጀመሪያውን ዲስክ በሙሉ መርምሮ፣ ከዚያ በኋላ በየመሃሉ እያነሱ መቃኘት፣ አዲስ የዲስክ ማሸጊያ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ መለያ ኮዱን አይቶ ፍተሻውን እንደ አዲስ መጀመር በቂ ነው። ቬሪፋይ ግን ለእያንዳንዱ ይደረግ። ፍጥነትን በተመለከተ «ዝቅተኛው ሁልጊዜ ምርጥ ነው» የሚለው የቆየ እምነት ትክክል አይደለም፤ ለ16 እጥፍ የተሠራ ቀለም በ2 እጥፍ ሲጻፍ ሊከፋ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ 8 እጥፍ ጥሩ መነሻ ነው፤ የመጨረሻውን ፍርድ ግን ቅኝቱ ይስጥ።

ቪሲዲና ብሉሬይም በዚሁ አስተሳሰብ ይፈተሻሉ፤ የሚለያዩት መለኪያዎቹ ናቸው። በሲዲ ላይ የሚታዩት ሲ1 (በመጀመሪያው የማረም ደረጃ የሚገኙ ስህተቶች) እና ሲ2 (በሁለተኛው ደረጃ የሚገኙት) ናቸው፤ መስፈርቱ በሲ1 በሰከንድ እስከ 220 የተሳሳቱ ጥቅሎችን ሲፈቅድ፣ በአዲስ ቅጂ ላይ ሲ2 ዜሮ እንዲሆን ይፈለጋል። በቪሲዲ ላይ የቪዲዮ ሴክተሩ 2324 ባይት ይይዛል፤ ይህ ትርፍ ቦታ የተገኘው የኮምፒውተር ፋይል በሚጻፍበት ሲዲ ላይ ያለውን ተጨማሪ የማረሚያ ንብርብር በመተው ስለሆነ፣ ያው ጭረት ቪሲዲን የበለጠ ይጎዳዋል። በብሉሬይ ላይ መረጃው ከገጹ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚርቅ የገጹ ንጽሕና ከሁሉ ይበልጥ ወሳኝ ነው።

ከፍተሻው በኋላ

የተፈተሸ ዲስክ በኋላ በሚደረግ ነገር ሊበላሽ ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የሲዲና የዲቪዲ አያያዝ መመሪያ፣ ተለጣፊ ወረቀት እንዳይለጠፍ፣ ጽሑፍ ካስፈለገም ውሃ ነክ ቀለም ባለው ለስላሳ እስክሪብቶ እንዲጻፍ፣ ዲስኩ ከሙቀትና ከፀሐይ ርቆ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ፣ ሲጠረግም ከመሃል ወደ ጠርዝ እንጂ ዙሪያውን እንዳይሆን ይመክራል። ተለጣፊው ወረቀት በተለይ በቪዲዮ ዲስክ ላይ አስቸጋሪ ነው፤ ሲደርቅ ዲስኩን ይጎትታል፣ ሚዛኑንም ያዛባል፤ የሚጎዳው ቀድሞም ደካማ የነበረውን ጠርዝ ነው። ቅኝቱ ወረቀቱ ከመለጠፉ በፊት ከተደረገ ውጤቱ ከእንግዲህ አያገለግልም።

ለዓመታት የሚቀመጥ ቪዲዮ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ግራፍ በፋይል መልክ ይቀመጥና ዲስኩ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ በዚያው ድራይቭ፣ በዚያው ፍጥነት ይቃኝ። የኦርጋኒክ ቀለም በብርሃን፣ በሙቀትና በእርጥበት እየደከመ ሲሄድ በመጀመሪያ የሚታየው በምስሉ ላይ ሳይሆን በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ነው። የፒአይ ስህተቱ ከመነሻው በብዙ እጥፍ ካደገ ወይም የፒአይ ውድቀቱ አዲስ ክምችት ካሳየ፣ 280 እስኪሞላ ሳይጠብቁ ይዘቱን ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥና በአዲስ ዲስክ መቅዳት ይገባል። አንዳንድ ሴክተሮች አልነበብ ካሉ ዲስኩን በሌላ ድራይቭ መሞከር ተገቢ ነው፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው የሚያነብበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዲቪዲዛስተር የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ደግሞ በተለያዩ ድራይቮች የተነበቡትን ክፍሎች በአንድ ፋይል ውስጥ እያሟላ ይሰበስባል፤ ዲስኩ ጤነኛ በነበረበት ጊዜ ተጨማሪ የማረሚያ ፋይል ተዘጋጅቶለት ከነበረም የጎደሉትን ሴክተሮች ከዚያ ይሞላል።